የአያሌው ቅጠል አንባቢዎች

አያሌው ደብረ ታቦር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሥነ ሕይወት ያስተማረ፣ ጉልበቱ ከዳገት ጋር የተጣላ መምህር ነው። ከዕድሜው ዘጠኝ ዓመት የበላችበት አንዲት ቅጠል ናት። ከአንበሳሜ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የሚካኤል ደን፣ ከምንጩ በላይ ትበቅላለች፤ ከየትኛውም የታወቀ የዕፅ ወገን አልመደብ ብላ አዲስ ወገን የሆነች ቅጠል ናት።

ያሳዩት የደብሩ አገልጋይ አባ ተክሌ ናቸው። ሲያሳዩትም፣ «ልጄ፣ ይቺ ለቁስል የምናደርጋት መድኃኒት ናት፤ አደባባይ ከወጣች ትረክሳለች» ብለውት ነበር። እሱም የሚጽፈው ለምሁራን ብቻ እንደሆነ ቃል ገባላቸው።

በእንግሊዝኛ የጻፈው ጥናት ኢንተርኔት ላይ፣ በምሁራን መጽሔት ሲወጣ ከግርጌው የአንባቢ ቁጥር ነበረው። አያሌው ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባቱ በፊት እሱን ያያል። በሦስት ወር ሠላሳ አንድ ደረሰ። ባለቤቱ ፈንታነሽ፣ «ሃያው አንተው ነህ» እያለች ትስቅበታለች። እውነቷን ነው፤ ሰውዬውን ግን ቆረቆረው። ዘጠኝ ዓመት ዳገት ወጥቶ አንድ ሰው እንኳ «አየሁልህ» ሳይለው ጡረታ ሊወጣ ነው።

አንድ ቀን መረረውና ነገሩን በአማርኛ አሳጥሮ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ባለውለታን ሳያመሰግኑ መጻፍ ነውር ሆኖበት አባ ተክሌን በስማቸው አመሰገነ፤ ደኑን፣ ምንጩን፣ ለቁስል መሆኗንም ጨመረ። በአራት ቀን ሁለት ሺህ ሰው አየው። ስለ አበባዋ የጠየቀ አልነበረም። «ለስኳር ትሆናለች?» «ሥሯ ነው ቅጠሏ?» ይላሉ። አያሌው አነበበ፤ ደስታው ግን ዓይኑን ጋርዶታል።

ቅዳሜ እያለከለከ ለአባ ተክሌ ሊያበስር ወጣ። ከምንጩ በላይ የጠበቀው የተቆፈረ አፈር ብቻ ነበር። አባ ተክሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሐሙስ በመኪና መጡ» አሉት። «ስምህን እየጠሩ ሲገቡ የአንተ ሰዎች መስለውኝ የደኑን ቅጥር በር ከፈትኩላቸው። ዶማ መያዛቸውን ያየሁት ኋላ ነው።»

«አልቀረም፣ አባቴ?»

«አንድም።»

አያሌው አጠገባቸው ቁጭ አለ። ቃሉን የበላው እሱ ነው፤ እሳቸው ግን አልተቆጡትም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ለመሆኑ ያን የለፋህበትን ጽሑፍ አነበቡልህ?» አሉት።

ስልኩን አወጣና ከፈተው። «ሠላሳ አንድ ነው፤ እንደነበረው ነው።»

አባ ተክሌ ወደ ጉድጓዶቹ አመለከቱ። «አንተ ዘንድስ አንዲት አትገኝም? ብንተክላት።»

«አለች» አለ አያሌው። «ቢሮዬ ጋዜጣ መካከል አለች። ከደረቀች ሰባት ዓመቷ ነው።»