ሐዘን በትእዛዝ አይወጣም

ወደ ሁለት ግራር እንድንወጣ ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አጭር ትእዛዝ ነበር። ኮዳ ይሞላ። ጥይት ይሞላ። ብርድ ልብስ እዚሁ ይቅር። ጎህ ሳይቀድ እንነሣለን። የመጨረሻዋ ነገር ግን ከበላይ የመጣች አልነበረችም፤ የመቶ አለቃችን የራሱ ጭማሪ ናት። «ጢሙን ያልተላጨ ከዚህ ምሽግ አይወጣም።»

ሁለት ግራር የኮረብታው ስም አይደለም። የአገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው እስከ ዛሬ አላውቅም። አናቱ ላይ ሁለት ግራሮች ስለቆሙ እኛ እንዲያ አልነው። ስንወርድ አንደኛው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ጪሮ መናኸሪያ ውስጥ አብረውኝ ለሚውሉት ወጣቶች ነው። እኔ ተራ አስከባሪ ነኝ፤ እነሱ የሚኒባስ ረዳቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ወታደር ቤት ለመግባት ያስባሉ። የሚጠይቁኝ ግን ስለ ውጊያ አይደለም፤ የሚያስጨንቃቸው ጸጉራቸው ነው። «ጋሽ ሰለሞን፣ ይሄን ይቆርጡታል እንዴ?» ይሉኛል፣ አናታቸው ላይ የከመሩትን እያሳዩ። ይቆርጡታል። የጆሮ ጌጡንም ያወልቁታል። ማተብም ከኮሌታ ሥር ይገባል። ሲያጉረመርሙ እስቃለሁ፤ እኛም አጉረምርመን ነበርና።

ከእኛ ውስጥ በደንብ ያጉረመረመው የገለምሶው አብዲ ነው። አባቱ ጫት ነጋዴ ናቸው። ማሠልጠኛ ገብተን ያን የሚኮራበትን ጢም ሲላጩት አገጩን በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ «አባቴ አሁን ቢያየኝ፣ ልጄን አስቀርተው እህቱን ላኩልኝ ይላል» አለና ሁላችንንም አሳቀን። ከእሱ ሌላ የሚቀርበኝ ታምራት ነበር። ታምራት የጪሮ ልጅ፣ የሰፈሬ ልጅ ነው። አንድ ቀን ተመዝግበን፣ በአንድ መኪና ሄደን፣ አንድ ምሽግ ውስጥ ገባን። እኔ አሥር አለቃ ሆንኩ፤ በሥሬ አሥር ሰው ነበር።

መቶ አለቃ ዘሪሁን ወጣት ነበር። በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር። አሁን በዕድሜ ስለቀደምኩት እሱ ብዬ ብጽፍ አይቀየመኝም። ውሃ በመኪና በሚመጣበት ምሽግ ውስጥ በየማለዳው ለእያንዳንዳችን አንድ የኮዳ ክዳን ውሃ ለመላጫ ያስለካ ነበር። በሆዳችን ሰድበነዋል። «ፊቱን የተወ ሰው ነገ መሣሪያውን ይተዋል» ይላል። ይህ የአለቃ ወግ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ሌላ ምክንያት እንዳለው ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከማዶ ያሉት የሚለብሱት ልብስ ከሩቅ ከእኛ አይለይም። መሣሪያቸውም ያው ክላሽ ነው። የሚለዩት ጸጉራቸውና ጢማቸው የጎፈረ በመሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በነበረ ውጊያ በግራችን ያለው የሻምበል ጦር ከገደል ሥር ብቅ ያለ አንድ ጢማም ሰው መታ። ቀርበው ሲያዩት የራሳቸው ልጅ ነው። ለሳምንት ያህል ቁስለኛ ሲያመላልስ ውሎ ያድር ስለነበር አልተላጨም።

አሁን ወደ ታምራት ልመለስ። ትእዛዙ ከመምጣቱ አራት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ለስንቅ ወደ ኋላ ስወርድ ስልኬ ኔትወርክ አገኘና ቤት ደወልኩ። እናቴ አለቀሰችና «የታምራት አባት አርፈዋል። ከቀበርናቸው ሳምንት ሆናቸው። አንተው እንደምንም አርዳው» አለችኝ። ምሽግ ስገባ ምንም አላልኩትም። መርዶ እንደ ወጉ ማለዳ ነውና አሳደርኩት። ሲነጋ እኔ፣ አብዲና የመትረየስ ተኳሹ ሃምሳ አለቃ ደበበ ሄደን አጠገቡ ቁጭ አልን። ደበበ ጸጉሩ የሸበተ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነው፤ ታምራት የእሱ ረዳት ነበር። ሦስት ሰው ማለዳ መጥቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ማንም ያገራችን ሰው ይገባዋል።

«ማንን ነው?» አለ።

«አባትህን» አልኩት።

ጮኾ ማልቀስ አይቻልም፤ ከማዶ ይሰማል። የካፖርቱን እጅጌ ነክሶ አለቀሰ። አብዲ ከኋላው እቅፍ አድርጎ ያዘው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታምራት ምላጭ አልነካም። የአባቱ አርባ እስኪወጣ ጢሙን ሊያሳድግ ቆረጠ። መቶ አለቃው አየው፤ ለእኔም «ምሽግ ውስጥ እስካለን ድረስ አላየሁም» አለኝ።

ያን ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ማየት ነበረበት። አርባው ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ትእዛዙ የመጣው። ሁላችንም ተላጭተን ስንሰለፍ ታምራት ጢሙን አጎፍሮ መሐላችን ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለው መቶ አለቃው።

«የአባቴ ነው።»

«አውቃለሁ። እግዜር ያጽናህ። ነገ በግራችን የሚወጣው ያው ሻምበል ነው። ባለፈው ማንን እንደመቱ ሰምተሃል። ተላጭ።»

«ይምቱኝ። እኔ አባቴን አልላጭም።»

«ትእዛዝ ነው!»

ታምራት ክላሹን ከትከሻው አውርዶ መቶ አለቃው እግር ሥር አስቀመጠው። ጠላት ፊት ለፊት እያለ መሣሪያ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የመቶ አለቃው እጅ ወደ ሽጉጡ አልሄደም፤ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ በሁለቱ መሐል ቆሜ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። አንዱ አብሮ አደጌ፣ ሌላው አለቃዬ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ያኔ ነው አብዲ የተናገረው።

«አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐዘን በትእዛዝ አይወጣም ወላሂ። እኛ አገር ጃርሳ ይላካል።»

ጃርሳ ሽማግሌ ማለት ነው። መቶ አለቃው አብዲን አየው፤ መሬት ላይ ያለውን ክላሽ አየው። ዞሮ ሄደ። አለቀልን አልኩ። ታምራት ምሽጋችን ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ፤ ሊያስሩት ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ሲመለስ ቆቡን አውልቆ ነበር። ሽጉጡንም ፈቶ ትቷል። ጋሽ ደበበን በቀኙ፣ አብዲን በግራው አድርጎ መጣና ምሽጋችን አፍ ላይ ቆመ። «ቤቶች» አለ። ማንም አልሳቀም። ታምራት ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው ቁጭ ካለበት ሊነሣ ሲል ጋሽ ደበበ በእጁ ምልክት አስቀመጠው።

«በዕድሜ እኩያህ ነኝ» አለው መቶ አለቃው። «ሽማግሌ ለመሆን አልበቃም። ግን ዛሬ ሌላ ዘመድ የለህም። አባትህን አልቅሰህላቸዋል። አዝነህላቸዋል። አሁን በቃህ። ለእኛ ስትል ተነሣልን።»

ጋሽ ደበበ «ነፍሳቸውን ይማር» አለ። አብዲ እጆቹን ዘርግቶ በራሱ ቋንቋ ዱዓ አደረገ፤ እኛም አሜን አልን።

«በአርባው ማለዳ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለ ታምራት። ከዚያ «እሺ፣ ለእናንተ ስል» ብሎ አገጩን ቀና አደረገ። እኔ ውሃውን ያዝኩ። ለእሱ የተለካው አንድ ክዳን ስለማይበቃ መቶ አለቃው ከራሱ ኮዳ ጨመረበት። የላጨው አብዲ ነው። «ገለምሶ ቢሆን ለዚህ አንድ እስር ጫት አስከፍልህ ነበር» አለው። ታምራት መርዶውን ከሰማ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። የወደቀውን ጸጉር ለቃቅሞ ከምሽጉ ግድግዳ ሥር ቆፍሮ ቀበረው። አፈሩን ሁላችንም እየዘገንን አለበስነው። መቶ አለቃው ቆቡን አጠለቀና «መሣሪያህን አንሣ» አለ። ታምራት አነሣ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ አልተተኮሰብንም። ከዚያ ሞርታር መጣ። ጋሽ ደበበ መጀመሪያ ወደቀ። ታምራት መትረየሱን ከእጁ ተቀብሎ መተኮሱን ቀጠለ። እየተሳብን ወጣን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ግራር ሥር ደረስን። መቶ አለቃው «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያለ ሲመራን ደረቱን ተመታ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማንም። አራት ሰዓት ላይ አናቱ የእኛ ሆነ።

በግራችን ያለው ሻምበል በገደሉ በኩል ብቅ ያለው ያኔ ነው። መሣሪያቸውን ደግነውብን ነበር። በአቧራ ተለውሰናል፤ መለያችን አይታይም። ከፊት ያለው ወታደር ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። «የእኛ ናቸው! አትተኩሱ!» ብሎ ጮኸ። በሆዴ የሰደብኩት ክዳን ውሃ ትዝ አለኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ መልሰው አጠቁን። ታምራት ጥይት ሊያመጣ ሲሮጥ ሞርታር አጠገቡ ወደቀ። አብዲ ሊጎትተው ሄዶ ቀኝ እጁን እዚያው ተወ። እኔ ጉልበቴን ተመታሁ። ታምራት ዘንድ በሆዴ እየተሳብኩ ስደርስ ዐይኑ ተከፍቶ ነበር፤ ትንፋሽ ግን የለውም። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳን አልነበረም። ንጹሕ ነበር። እጄን ጉንጩ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ተኩሱ ከባድ ስለነበር የፈለግሁትን ያህል ጮኽኩ።

ከምሽጋችን አምስት ሰው ሞተ። ጋሽ ደበበ። ታምራት። ሁለት የወለጋ ልጆችና አንድ የጎጃም ልጅ። መቶ አለቃው ሲጨመር ስድስት። ከማዶ በኩል የሞቱትን አልቆጠርንም፤ የሚቆጥራቸው የራሳቸው ሰው አላቸው።

ሆስፒታል ተኝቼ ጢሜን አልተላጨሁም። ማንም አላዘዘኝም። ጉልበቴ ለውትድርና አይሆንም ተብዬ ተሰናበትኩና ጪሮ ስገባ ልጆች ይሸሹኝ ነበር። በነጋታው ከገበያው በላይ ወዳለው ወደ ታምራት እናት ቤት ለልቅሶ ወጣሁ። መርዶው ቀድሞኝ ደርሷል። እትዬ አስካለ ለባላቸው የለበሱትን ጥቁር ሳያወልቁ የልጃቸው ተደርቦባቸዋል። አቅፈውኝ አለቀሱ። ሲበቃቸው ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ እንዴት እንደሞተ አይደለም።

«ወታደር ቤት ሐዘንተኛን በግድ ይላጫሉ አሉኝ። ሶሌ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄ አባቱን ሳያዝንለት ነው የሄደው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የአብዲን ንግግር፣ የመቶ አለቃውን ቆብ፣ ምሽጉ ሥር የቀበርነውን ጸጉር። እያንዳንዱን ሽማግሌ በስሙ አስጠሩኝ።

«እስላሙ ልጅም ቆመለት?»

«ዱዓ ያደረገለት እሱ ነው፣ እትዬ።»

«አለቃውስ እናት አለው?»

«አላቸው መሰለኝ።»

«ነፍሱን ይማር። በወግ ነው ያወጡት እንግዲህ» አሉና በነጠላቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጢሜን አዩ። «ይሄስ የማነው?»

«የታምራት ነው። የሌሎቹም ነው።»

«ስንት ናቸው?»

«ስድስት።»

«ስድስት ሰው አንድ አገጭ ላይ አይችልም፣ ልጄ።»

በሳምንቱ እሑድ አብዲ ከአባቱ ጋር ከገለምሶ መጣ። ጢሙ ተመልሶ አገጩን ሞልቷል፤ ያምርበታል። እትዬ አስካለ አብዲንና አባቱን አስከትለው እናቴ ቤት ገቡና ፊቴ ቆሙ። «የሟች እናት እኔ ነኝ። እኔ በቃህ ካልኩህ ማን ይከለክልሃል?» አሉኝ። አብዲ «በግራ እጄ ልሞክርህ?» ቢለኝ እንቢ ብዬ የሰፈሩን ጸጉር አስተካካይ አስጠራን። ከዚያን ቀን ወዲህ በየማለዳው እላጫለሁ።

ስለዚህ ልጆች፣ ጸጉራችሁን ይቆርጡታል። አትቀየሙ። ልብሱን ስትለብሱ ፊታችሁም የራሳችሁ ብቻ አይሆንም፤ ከሩቅ ደግኖ የሚያይ ሰው አለ። አለቃ ስትሆኑ ደግሞ ቆባችሁን አውልቃችሁ የምትለምኑበት ቀን እንደሚመጣ እወቁ። ያን ሳያውቅ ትእዛዝ የሚሰጥ ብዙ ነው።

እትዬ አስካለ ግን እስከ ዛሬ ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። እሳቸውን ከሐዘን ለማስወጣት እኔ፣ አብዲና አባቱ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። በመጀመሪያው ጊዜ ውሃ አጠጥተው ሸኙን። በሁለተኛው ጊዜ አብዲ ያንኑ የመቶ አለቃውን ቃል ተናገረ። «አልቅሰዋል። አዝነዋል። አሁን በቃዎት። ለእኛ ሲሉ ይነሡልን።»

እስኪጨርስ ሰሙት።

«እናንተን ግዳጅ አለባችሁ ብለው አስወጧችሁ» አሉን። «እኔ ምን ግዳጅ አለብኝ?»

የአብዲ አባት ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። እኛም ተከትለናቸው ወደ መናኸሪያ ወረድን።