ፍየሉ ሚኒባስ ውስጥ

እስካሁን ፊቴ እንደጋለ ነው።

ዛሬ ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ ስንመለስ ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ዞር ሲሉ ጺማቸውን አየሁ። ሰቆጣ ሃይስኩል ሳለን ፊዚክስ ያስተማሩን መምህር!

ከጎጃም ተመድበው የመጡ ናቸው። እኛ የዝቋላና የሰቆጣ ዙሪያ ልጆች በዚያ ጺማቸው የተነሳ «ፍየሉ» ብለን ስም አወጣንላቸው። እሳቸው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እኛ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ስናማቸው ነው የተማርነው። አይሰሙማ!

የድሮ አመሌ ተነሳብኝና አጠገቤ ለተቀመጠው የክፍል ጓደኛዬ በኽምጣና «ፍየሉ እስካሁን አልታረደም እንዴ?» አልኩት።

መምህር ዞሩ። በኽምጣና፣ ያውም ከእኔ በጠራ ኽምጣና፣ «ስንት ፋሲካ ያመለጠ ፍየል አሁን ማን ይበላዋል ልጄ?» አሉኝ።

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔ በመስኮት ልዘል ምንም አልቀረኝ።

«መምህር፣ ያኔም ይሰሙ ነበር?»

«በመጣሁ በዓመቴ የቤት አከራዬ አስተምራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉን?»

«ስለ ዳይሬክተሩ የምታወሩት እንዳይቀርብኝ ብዬ ነዋ!»

እስቲ እናንተም ያማችኋቸውን መምህራን ኮመንት ላይ አውጡ። ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ፤ መምህር ከመውረዳቸው በፊት ፌስቡክ ላይ ጓደኛ አድርገውኛል።