ሰባቱ ቡናማ ክኒኖች

ነቀምቴ ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመንግሥት ንብረት ክፍል ነው። የተጣመመ ሚስማር አቃንቼ አስቀምጥ ነበር። ጡረታ ስወጣ ሥራው ቀረ፣ አመሉ ተከተለኝ።

ልጄ መምህርት ናት። የወር አበባዋ ሲመጣ ወለሉ ላይ ኩርምት ብላ ትውላለች። ሐኪሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው አለን፤ የማህፀን ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀኗ ውጭ እየበቀለ ነው የሚያሠቃያት። «የሰውነትን የበሽታ መከላከያ የሚያስተካክል መድኃኒት ገና እየተጠና ነው፤ ለጊዜው ያለን ሆርሞን ነው» ብሎ የወሊድ መከላከያ ክኒን አዘዘላት። የወር አበባዋ እንዳይመጣ ከየማሸጊያው ነጮቹን ብቻ ሳታቋርጥ ትዋጥ፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሰባት ቡናማ ትጣል አለ።

አብራን የምትኖረው እህቴ ያን ክኒን ብታይ፣ ያላገባች ልጄን የባኬ ጃማ ሰፈር በሙሉ ያማት ነበር። ስለዚህ ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌው ጠዋት ጠዋት አንዲት እሰጣታለሁ።

ነጮቹ አለቁ። መነጽሬን ሰክቼ ወረቀቱን ሳነብ ቡናማዎቹ ብረት አላቸው ይላል። ደም ለሚፈሳት ልጅ ብረት ይጣላል?

«አባዬ፣ ቀለሙ ተለወጠ?»

«ዋጪ! አባትሽ አንብቧል።»

በአራተኛው ቀን ደሙም ሕመሙም ተመለሰ። ልጄ ትራስ ነክሳለች፤ እህቴ «ጠበል ውሰዳት!» ትላለች። እኔ ቁልፌን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ መሃላቸው ቆሜአለሁ፤ ለእህቴ እንዳልናገር ምስጢር፣ ለልጄ እንዳልናገር ሐፍረት ያዘኝ።

ፋርማሲ ሄጄ ሰው እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና ሳገላብጥ ቆየሁ።

«አካም ጅርቱ፣ ኣባ ኮ?» ብላ ደህንነቴን ጠየቀችኝ ባለሙያዋ። ቡናማዎቹን ለልጄ እንደሰጠሁ ሹክ አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ቡናማው እኮ ሆርሞን የለውም! መድኃኒቷን አራት ቀን አቋርጠውባታል።»

ቤት ገብቼ ለልጄ ተናዘዝኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ቁልፉን አምጣ» አለች። ከአዲሱ ማሸጊያ ቡናማዎቹን በመቀስ ቆርጣ ጣለች። እጄ ወደ ቅርጫቱ ተዘረጋች፤ አየችኝ፤ ሰበሰብኳት።

«ይኼ ክኒንም በሽታውን ያስተኛዋል እንጂ አይነቅለውም፣ አባዬ። ልጅ ልውለድ ብዬ ያቆምኩ ዕለት ሊነቃ ይችላል።»

አዋቂው አባቷ፣ ቁልፉን በክር አስሬ አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት።

እህቴ ቁልፉን ልጄ አንገት ላይ አይታ «ምን አስቆለፍካት?» አለችኝ።

«ኑዛዜዬን።»

ከዚያ ወዲህ ሊሞት ነው ብላ ወጤ ላይ ቅቤ ትጨምርልኛለች። ልጄ ግን ዛሬም በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ነው የምትውጠው። እኔ ደጅ እቆማለሁ፤ እህቴ ብትመጣ ልጄን በሳል ላስጠነቅቃት።