መጽሐፉን የሚጨርስ መምህር

እኔ መጽሐፍ እጨርሳለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ተጠሪም እኔው ነኝ። ሰኔ ሲመጣ ሌላው መምህር በቀሩት ምዕራፎች ላይ እየሮጠ ሲያልፍ፣ እኔ ክለሳ ላይ ተረጋግቼ እቀመጣለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብል ማንም አያምነኝም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ መኩራራቴን ያውቃሉ።

ትምህርት ቤቱን ሊገመግሙ የሚመጡት ሰዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። መኪናቸውን ባንዲራው አጠገብ አቁመው ይወርዳሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ለእነሱ ሲባል የተከፈተውን ቤተ መጻሕፍት ዞር ዞር ብለው ያያሉ። ከዚያ መምህር ሲያገኙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የት ደረስክ?» ነው። ምዕራፍ አራት ያለ አንገቱን ይደፋል፤ ምዕራፍ ስድስት ያለ ድምፁ ከፍ ይላል። እኔ ሁልጊዜም ድምፃቸው ከፍ ከሚለው ወገን ነበርኩ።

አንገታቸውን ከሚደፉት መካከል የማትጠፋው የሰባተኛ ክፍልን ሒሳብ ከእኔ ጋር የምትካፈለው ባልደረባዬ ነበረች። እኔ ሰባተኛ ሀን እይዛለሁ፣ እሷ ሰባተኛ ለን። ረጋ ያለች፣ ሻርፗን እያስተካከለች የምትናገር ሴት ናት። ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ናቸው፤ የመስኮቶቹ መስታወት ከረገፈ ዓመታት ስላለፉ በአንዱ የሚባለው በሌላው ይሰማል። ከእኔ ክፍል የሚወጣው ድምፅ ግቢውን ይሞላዋል። «ገባችሁ?» ስል «አዎ፣ ቲቸር!» ይላሉ፣ ሁሉም ባንድ አፍ። ጥበቃው እንኳ በሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ይሰማዋል። ከእሷ ክፍል የሚሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ነው፤ አልፎ አልፎ የአንድ ልጅ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ዝምታ።

አንድ ጊዜ በተጠሪነቴ ክፍሏ ገብቼ ተመልክቻታለሁ። ጥያቄ ጠየቀችና መልስ ትጠብቅ ጀመር። ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች። ትዕግሥቴ አልቆ እኔው እጄን አውጥቼ ልመልስላት ምንም አልቀረኝም ነበር። በአስተያየቴ ላይ «የጊዜ አጠቃቀሟ ደካማ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችውና ፈረመች። «ወላሂ፣ እውነትህን ነው፤ መጽሐፉ አያልቅልኝም» አለችኝ። ክርክር አዘጋጅቼ ሄጄ ስለነበር ቅር አለኝ።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር። ባለቤቴ እዚያ ነርስ ነበረች፤ እኔ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ከታች በሸሚዝ የተሳፈረው ሁሉ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ጃኬቱን ይፈልጋል፤ ደሴ ስንደርስ ጉም ነው። በኋላ ባለቤቴ ወደ ደሴ ዝውውር አገኘች፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየን፣ ክረምቱ ሲገባ ዕቃችንን ልናወጣ ተዘጋጀን። ሁሉም ነገር መልክ መልኩን ያዘ ስንል የልጃችን ነገር ቀረ። አንድ ልጅ ናት ያለችን። ኮምቦልቻ ውስጥ በግል ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ተምራለች፤ ሰባተኛን የት ትማር?

ባለቤቴ ደሴ ያሉትን የግል ትምህርት ቤቶች ማጠያየቅ ጀመረች። የሥራ ጓደኞቿ አንዱን በዩኒፎርሙ፣ አንዱን በሰርቪሱ፣ አንዱን ልጆቹ በሚናገሩት እንግሊዝኛ ያወድሱላታል። እኔ ዝም አልኩ፤ ጉድ ያደረገኝም ይኸው ዝምታ ነው።

«አዲሱ አከራያችን ልጄን የት ላስገባ ሲሉ አፍህን ሞልተህ እኛ ጋ አልካቸው» አለችኝ እራት ላይ። «የራስህ ልጅ ስትሆን ምነው ምላስህ ተሳሰረ?»

«ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው።»

«ለሳቸው ልጅ ነው ለኔ ልጅ?»

ትምህርት ቤቱን አውቀዋለሁ። ባንድ ዴስክ ላይ ከሚችለው በላይ ልጅ እንደሚቀመጥ፣ ውሃው የሚመጣበትን ቀን ማንም እንደማያውቅ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከእንግዳ በቀር ለማንም እንደማይከፈት አውቃለሁ። ከጠዋቱ ብርድ ጋር እየታገሉ ሰዓት ሳያሳልፉ የሚደርሱ ጎበዝ ልጆች እንዳሉበትም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ደምሬና ቀንሼ «ለልጄ ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ማለት ግን ፈራሁ፤ ያውም የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ። የማልጠራጠረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እዚያ ከገባች እኔ ክፍል ትገባለች፣ ስለዚህ ቢያንስ ሒሳቡ አያሳስበንም።

ባለቤቴ ነገር ማንጠልጠል አትወድም። «ፈተናዋን ጨርሳ እቤት ነው የምትውለው» አለች። «አንድ ቀን ይዘሃት ውጣ። ራሷ አይታው ትምጣ፤ እሷ ያለችው ይሆናል።» ልጄ ከሳህኗ ላይ ቀና አላለችም፣ ግን ማኘኳን አቆመች። እንዲህ ያለ ነገር ለሷ ተትቶላት አያውቅም።

ይዣት በወጣሁበት ቀን ጠዋት ጋወኔ ታጥቦ ተተኩሶ ነበር። ልዩ ዝግጅት አላደረግኩም፤ ጋወኑን ግን ለብሻለሁ። ልጄን ሰባተኛ ሀ ውስጥ ከኋላ ካሉት ዴስኮች በአንዱ አስቀመጥኳት፤ ልጆቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጧት። ክለሳ ላይ ነበርን፤ ያልታወቀውን ቁጥር ማግኘት። «ቁጥሩ የእኩል ይሆናል ምልክቱን ሲሻገር የራሱ ምልክት ይለወጣል» አልኩ፤ «ፕላሱ ማይነስ፣ ማይነሱ ፕላስ።» ሰሌዳውን ሞላሁት፣ አጠፋሁት፣ ደግሜ ሞላሁት። እጄ እንዲያ ተሳክቶለት አያውቅም።

«ገባችሁ?»

«አዎ፣ ቲቸር!»

የልጄም አፍ ከሁሉም ጋር አብሮ ሲከፈት አየሁ። ደስ አለኝ።

ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነው፤ ተመታና ክፍለ ጊዜው አበቃ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ነበረብኝ። ልጄን ግቢ ውስጥ ብቻዋን ማቆም ስላልወደድኩ ወደ ባልደረባዬ ወሰድኳት። «ስብሰባዬን እስክጨርስ ያዢልኝ» አልኳት። «ትምጣ፣ ምን ገዶኝ» አለችና ትከሻዋን አቅፋ ወደ ሰባተኛ ለ ይዛት ገባች።

ስብሰባው ትምህርት ቤታችን ራሱን የሚመዝንበት ነበር። ገምጋሚዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እኛው ለራሳችን ነጥብ እንሰጣለን፤ ከአራቱ ደረጃዎች ርዕሰ መምህራችን የሚመኙት «መስፈርቱን ያሟላ» የሚባለውን ሦስተኛውን ነው። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ሲነሳ ሁሉም ጣራ ጣራውን አየ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሲነሳ አንዱ «መጽሐፉ ሞልቷል፤ የጠፋው ቁልፉ ነው» አለና ተሳቀ። መምህራን እቅዳቸውን በወቅቱ ይጨርሳሉ ወይ የሚለው ላይ ስንደርስ ግን እኔ እጄን አወጣሁ።

«እኔ ሐቁን ነው የምናገር» አልኩ። «ሙሉ ነጥብ አይገባንም። በኔ ትምህርት ክፍል አንዲት መምህርት በየዓመቱ ምዕራፍ ታስቀራለች።»

ስሟን መጥራት አላስፈለገም። ርዕሰ መምህሩ ፊታቸው ጠቆር አለ። «እስቲ ምከሯት» አሉ። «መክሬያታለሁ» አልኩ። ነጥቡ ዝቅ ተደረገ። ከቢሮው የወጣሁት ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ ለባልደረባ ያላደላ ሰው ስሜት ደስ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። ከሰኞ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተጣበዋል። ልጄ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ከተማውን እስክንወጣ ታገሥኩ፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እሺ፣ እንዴት አየሽው?»

«የሴቶች ሽንት ቤት መቀርቀሪያ የለውም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ግን አንዷ ልጅ በሩን ይዛ ጠበቀችልኝ። ስሜን እንኳ አታውቅም። ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ በተራ በተራ።» ትንሽ አሰበች። «ብርዱ ያስጠላል። ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው። ልጆቹ ግን ደስ ይላሉ። እዚያው እማራለሁ።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። እቤት ስገባ ለእናቷ የምናገረውን በልቤ መደርደር ጀመርኩ፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሁሉ አዘጋጀሁ።

«ግን አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? አትቆጣም?»

«ምን ያስቆጣኛል?»

«አንተ ክፍል አይደለም። ሰባተኛ ለ ነው የምማረው።»

ከፊታችን የተቀመጡት አሮጊት ዞር ብለው አዩን። እኔ ሳቅኩ፤ ሳቁ ለራሴም አላማረኝም። «ለምን?»

«አንተ ገባችሁ ትላለህ፣ እነሱ አዎ ይላሉ፣ ታልፋለህ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ አልገባትም ነበር፤ ዝም ብላ ነው የምትገለብጠው። ግን አዎ አለች። ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ናት።»

«አንቺስ?»

«እኔም አዎ አልኩ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አልገባኝም ነበር።»

ልጄ በሒሳብ ሰነፍ አይደለችም፤ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «እሷ ጋስ ምን አየሽ?» አልኳት።

«እሷ ‹ማን ነው ያልገባው?› ነው የምትለው። ልጆቹ እጃቸውን ያወጣሉ እኮ! አልገባኝም ይላሉ፣ ማንም አይስቅባቸውም። ከዚያ እኔም አወጣሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ያንተን ጠየቅኳት። ቁጥሩ ሲሻገር ምልክቱ ለምን ይለወጣል አልኳት። የጀመረችውን ትታ ሰሌዳው ላይ ሚዛን ሣለች፣ ገበያ ያለውን ዓይነት። ከዚህኛው ሰሐን ላይ አንስታችሁ ከዚያኛው ካላነሳችሁ ያዘነብላል አለችን። የሚሻገር ነገር የለም፣ አባዬ። ከሁለቱም እኩል ነው የሚነሳው።»

አሮጊቷ ጨዋታው አልገባቸውም፤ የልጅቱ አነጋገር ግን ደስ አላቸው። «አላህ ያሳድግሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጅዎ ሐቅ ተናጋሪ ናት» አሉኝ። «አሜን» አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ተናድጄ ነበር። መጀመሪያ በልጄ፣ ቀጥሎ በባልደረባዬ፣ ጭራሽ በአሮጊቷም ሳይቀር። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለንና ጃኬቴን አወለቅኩ፤ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ ንዴቱ ለቀቀኝ፣ ሐፍረቱ መጣ። ባልደረባዬ ልጄን ስታስተምር እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ በእሷ ሰበብ ነጥብ እያስቀነስኩ ነበር። ያን ቀን ከእቅዷ ወደኋላ የቀረችውም የኔን ትምህርት ስታስረዳ ነው።

ባለቤቴ በሩ ላይ ነበረች። «እህሳ?» አለች።

«እዚያው ትማራለች» አልኩ።

«አንተ ጋ?»

«ጎረቤት ክፍል።»

ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጇን ደግማ አየች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስኪበቃት ሳቀች። ስለ ግል ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲያ አንስታ አታውቅም።

መስከረም ላይ ተማሪዎች በየክፍሉ ሲመደቡ ልጄን ሰባተኛ ለ አስገባኋት። ባልደረባዬ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ የዓመቱን እቅድ ስትጽፍ አገኘኋትና ወንበር ስቤ ከፊቷ ተቀመጥኩ።

«ልጄ አንቺ ጋ ናት» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንተ እያለህ?»

«ራሷ መርጣ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልጄ የጠየቀቻትን ጥያቄ አልረሳችውም፤ ከፊቷ አወቅኩት። ስብሰባው ላይ ያልኩትንም ሳትሰማ አትቀርም፤ በኛ ትምህርት ቤት የማይሰማ ነገር የለም። አንዱንም አላነሳችብኝም። ሻርፗን አስተካከለችና ወደ እቅዷ መለስ አለች።

«እንግዲያው ካሁኑ ልንገርህ፣ በኋላ እንዳትቀየመኝ» አለች። «ዘንድሮም መጽሐፉ አያልቅልኝም።»

«አትጨርሺው» አልኳት።