የሞተር ጀልባዋ ሦስት ዘንጎች

ጣሊያን መተማ በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ የጓንግ ወንዝ ሞልቶ ሰዉን ከገበያ ሲለየው፣ አንዲት የሞተር ጀልባ በካሚዮን ተጭና መጣች። እኔ እስከዚያ ድረስ ሰው የማሻግረው በግንድ ታንኳ ነበር። ለእነሱ ማደር ባያኮራኝም፣ ገበያተኛው መሻገሩ አይቀርም ብዬ ተቀጠርሁ።

ጀልባዋን የገጣጠመው ጣሊያን መካኒክ ወባ ጥሎት ለሕክምና ጎንደር ሊሄድ ነበር። እሱ በሌለበት ማን እንደሚነዳት ለማወቅ ፈለገና፣ እኔንና አስተርጓሚውን ምንም ሳያስረዳን ማዶ አድርሰን እንድንመልሳት አዘዘ። ራሱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ደብተሩን ይዞ ወንዙ ዳር ተቀመጠ።

ከመሪው አጠገብ ሦስት ዘንጎች አሉ፦ አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ፣ አንዱ ሞተሩን ማጥፊያ። ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም እኩል። ከሥራቸው በጣሊያንኛ ተጽፏል።

መጀመሪያ አስተርጓሚው ሞከረ። እሱ ማንበብ ይችላል፤ ነገር ግን አንብቦ እስኪጨርስ ውሃው ወስዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ወተፋት። በገመድ ጎትተን አወጣናት።

ቀጥሎ እኔ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ከነአህያው አሳፍሬ ተነሣሁ። መኻል ወንዝ ስንደርስ ፍጥነት ልጨምር ብዬ አንዱን ዘንግ ብስበው፣ ጀልባዋ ወደኋላ ሸሽታ ከተነሣንበት ዳር ተላተመች። አህያዋ ዘላ ወረደችና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ነጋዴው ረጋ ብሎ፣ «እሷስ ገብቷታል» አለኝ። መካኒኩ ደብተሩ ላይ ብዙ ጻፈ። እፍረቴ ለጉድ ነበር።

ከወንዙ ዳር ጠላ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ቆይተው ኖሮ መጡና ዘንጎቹን ዳሰሱ።

«እኔ ጨውና በርበሬ በአንድ ዓይነት ቅል አላስቀምጥም» አሉ።

አስተርጓሚው ሲነግረው መካኒኩ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቁሞ ምን ቢደረግ ይሻላል ብሎ አስጠየቃቸው። ባልቴቷም በወደፊቱ ላይ የበግ ለምድ፣ በወደኋላው ላይ ሻካራ ገመድ ጠመጠሙበት። ማጥፊያውን ባዶውን ተዉት። እንደገና ስነሣ ዓይኔ ከውሃው ሳይነሣ እጄ ብቻ እየለየልኝ ማዶ ደርሼ ተመለስሁ። ባልቴቷም ልሞክር ብለው ከእኔ ይልቅ ቀጥ አድርገው ነዷት።

መካኒኩ ከሕክምናው ሲመለስ ከስቶ ነበር። ያን ቀን መሪውን አልጠየቀኝም፤ ከገበያተኛው ጋር ጆንያ ላይ ተቀመጠ። መኻሉ ላይ ማዕበሉ ሲያንገላታን መያዣ ፈልጎ አጣና፣ አጠገቡ የነበረውን የሰሊጥ ነጋዴ ቀበቶ በሁለት እጁ ጨመደደ። ማዶ ስንወርድ በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለኝ፦

«እንደ ገበያተኛው ተሳፍሬባት አላውቅም ነበር።»

በሳምንቱ በጀልባዋ ዙሪያ የብረት መደገፊያ አበጀላት።