የሂክማ ፖርቶመጋላ

በረንዳችን ላይ ማንም የማይነዳት አሮጌ ሳይክል አለች። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም በረንዳ፣ ግማሹን እሷ ይዛዋለች። እናቴ ልብስ ታሰጣባታለች። እኔ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ጉልበቴን ትመታኛለች፣ «አቦ ይቺን ነገር አንሱልኝ!» እላለሁ። አባዬ አያነሳትም። ጉልበቴን የሚመታኝ ጎማው ወይም ፔዳሉ አይደለም፣ ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ነው። አባዬ እንደ አውቶብስ ጣራ ፖርቶመጋላ ነው የሚለው። መደገፊያ ያለው፣ ግራና ቀኝ ክንዱን የዘረጋ፣ ከሳይክሏ የሰፋ ብረት ነው። የእህቴ የሂክማ ነው።

ልጆች እያለን የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር። ቤታችን ጠባብ ስለነበር አባዬ የሚሠራው በራችን ላይ ነው። ቁራሌዎች ሰው የጣለውን ሳይክል ያመጡለታል። አንዷ ጎማ የላትም፣ አንዷ መሪ የላትም፣ አንዷ ዝናብ ላይ ስንት ክረምት እንደከረመች አላህ ይወቅ። እሱ ፈታቶ በላምባ ያጥባል፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ግራሶ ይቀባና መልሶ ይገጥማል። ዓይኔን ሸፍነው ቢያመጡኝ እንኳ የኛን በር በላምባው ሽታ አውቀው ነበር።

ሰው ግን ከሩቅ የሚመጣው ለፖርቶመጋላው ነው። አባዬ ሕንፃ ከሚሠራበት የተረፈ ፌሮ ይገዛና በልክ ያጥፈዋል። «ጭነቱን ሳላይ ፌሮ አላጥፍም» ይላል። ስለዚህ ዳቦ አዳዩ ቅርጫቱን፣ ላምባ ሻጩ ጀሪካኑን ተሸክሞ ይመጣል። አባዬ ዕቃውን መሬት ላይ ያስቀምጥና ዙሪያውን በሲባጎ ይለካል። ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንኳን አይተውም። ክፍት ቦታ ካለ ጭነቱ ይንገጫገጫል፣ የተንገጫገጨ ደግሞ ይወድቃል፤ ሕጉ ይሄ ነበር።

ሂክማ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። እግሮቿ ከተወለደች ጀምሮ አንታዘዝም ብለዋታል። ምላሷ ግን የሁለታችንንም ድርሻ ወስዷል። ትምህርት ቤታችን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ ነበር። እናቴ አዝላት ትወርዳለች፣ አዝላት ትመለሳለች። ሂክማ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ የእናቴ ወገብ በቃኝ አለ። በጠዋቱ ግፊያ ታክሲ ማን ያስገባታል? ቤት ቀረች። እኔ ስመለስ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» «ምንም» እላታለሁ። «እንዴ፣ ምንም ለመማር ነው እንዴ እዚያ ድረስ የምትሄጂው?» ትለኛለች። አንድ ቀን አባዬ ይቺን ሲሰማ የያዘውን የብሎን መፍቻ አስቀመጠ።

በነጋታው የሰው ሳይክል ሁሉ ወደ ጎን ተደረገና አንዷ ተመረጠች። ጠንካራ ፍሬም፣ ወፍራም ጎማ። እሱ ፈቀፈቀ፣ እኔ አብሬው ፈቀፈቅኩ፣ ሂክማ ደግሞ በርጩማ ላይ ሆና አለቃ ሆነች። «እዚያ ጋ ዝገት አለ፣ ታይቶኛል!» ሲባጎውን አውጥቶ ሊለካ ሲል ግን እሷን አለፋትና እናቴን «ነይ እስቲ ተቀመጪ» አላት።

«ምን ሆነሃል ሰውዬ? እኔን ልትጭነኝ ነው?» እናቴ ሳቀች።

«ቁመናዋ ያንቺ ነው። ስታድግ አንቺን ታክላለች።»

የኔ ዘመን ልጆች ይሄን ታውቁታላችሁ። ዩኒፎርም ሲገዛልን እጅጌው ጣታችንን ይውጥ ነበር፣ ጫማው በጨርቅ ይጠቀጠቅ ነበር። አባዬም ፌሮውን እንደ ዩኒፎርም ገዛላት፣ ሕጉን ሁሉ ትቶ። ተበይዶ ሲመጣ ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታቸው እትዬ ብርሃኔ ወጡና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ የልጅ መቀመጫ ነው ወይስ የሙሽራ ሶፋ?»

«ታድግበታለች» አለ አባዬ።

«ሙሽራ ስሆንም በሱ ነው የምሄደው፣ እትዬ» አለች ሂክማ። «እርስዎን ግን አልጭንም፣ ይከብዳሉ!» እትዬ ብርሃኔ እየሳቁ ጉንጯን ቆነጠጧት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጠዋት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አባዬ ሂክማን ያስቀምጣታል፣ ግራና ቀኟ ባዶ የሚቀረውን ቦታ በታጠፈ ብርድ ልብስ ይጠቀጥቃል፣ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። እሷ የወያላ ድምጿን አውጥታ «ሙሉ ነው፣ ሳበው!» ትላለች። እሱ መሪውን ይዞ ይገፋል፣ እኔ ቦርሳዎቹን አንጠልጥዬ ፊት ፊት እሮጣለሁ። ቀስ ብሎ መሄድ ያኔም አልችልበትም።

ድልድዩ አካባቢ የታክሲ ወያሎች ለምደዋት ነበር። «ቪአይፒ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላሉ። አንዱማ በየቀኑ ይነዘንዘን ነበር። «የት ሞላ? ግማሹ ባዶ ነው እኮ! ጋሼ፣ አንድ ሰው ጣል አርግበት!»

«ቦታው ተይዟል» ይለዋል አባዬ።

«በማን?»

«በራሷ።»

ስንመለስ ዳገት ነው። አባዬ ከጎን፣ እኔ ከኋላ እንገፋለን፣ ሂክማ ከላይ ሆና የተማረችውን ትለፈልፋለች። ትንፋሽ አጥሮኝ «ዝም በይ» እላታለሁ። እሷ እቴ!

ሂክማ አራተኛ ክፍል ሳትደርስ ሞተች። ክረምት ነበር። ደረቷን አመማት፣ ሆስፒታል ገባች፣ አልወጣችም። ሰው «አረፈች» ሲል ያናድደኛል። ምኑን አረፈች? ገና መች ደከማትና። ፖርቶመጋላውን ግማሹን እንኳን አልሞላችውም ነበር።

ብርድ ልብሱን እናቴ ወሰደችው። ሳይክሏ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ቀረች። አባዬ ሥራውን ቀጠለ፣ ፌሮ አጠፈ፣ ቅርጫት ለካ። አንድ ቀን አዲስ ደንበኛ መጥቶ ዓይኑ ሳይክሏ ላይ አረፈ። «ጋሽ ሰይድ፣ ይቺን ሰፊዋን ሽጥልኝ፣ ሁለት ቅርጫት ጎን ለጎን ትይዛለች።» አባዬ ቀና ሳይል «ተይዛለች» አለው። ሰውዬው «በማን?» ሊል አፉን ከፈተ። እትዬ ብርሃኔ ከበራቸው ላይ ሆነው በዓይናቸው አስቆሙት።

ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጫነ። ቁምሳጥኑን ሹፌሩ አሰረው። ሳይክሏን ግን አባዬ ራሱ አሰራት፣ እዚህ ድረስም አብሯት ከኋላ ቆሞ መጣ። በቅርቡ በዚያ በኩል ሳልፍ ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ጠፋኝ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ የሳይክል መንገድ ሁሉ ቀለም ተቀብቶ ተሠርቶለታል። ቆሜ አየሁት። ያቺን ልጅ እየገፋን ከመኪና ጋር ስንጋፋ ይሄ የት ነበር?

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅኩ ማግስት ጠዋት ስነሳ በረንዳው ባዶ ነበር። በመጨረሻ ጣላት ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከበረንዳው ወደ ታች ተንጠራርቼ ፈለግኳት። ከታች አባዬ ጠራኝ። በቲሸርት ወረድኩ። ሳይክሏ ተፍቃ፣ ጎማዋ ተነፍቶ ቆማለች። ላምባ ላምባ ትሸታለች።

«ቁጭ በይ» አለኝ።

«አባዬ፣ ሰው ያየናል እኮ። ትልቅ ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ። ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ። ጀርባዬ መደገፊያውን ነካ፣ ግራና ቀኝ ብረቱ ዳሌዬን ያዘኝ። አባዬ እጁን እንደ ድሮው ወደ ጎኔ ላከ። ጣቱ የሚገባበት ክፍተት አጣ። እዚያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መሪውን ይዞ መግፋት ጀመረ።

ኮብልስቶኑ ላይ ስንሄድ ጎረቤቶች በየበረንዳው ነበሩ። ማንም አልቀለደም። ዶሮ ማነቂያ ቢሆን ሙሽራ የማይለኝ፣ ቪአይፒ የማይለኝ፣ ትርፍ ጫን የማይለው ማን ነበር? እዚህ ስማችንን እንኳን የሚያውቅ የለም። አባዬ ፊቱን ወደኔ አላዞረም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ። ያኔ ድካም አያውቅም ነበር፣ አሁን ቁና ቁና ይተነፍሳል። ብወርድለት ደስ ባለኝ፣ ግን አልወረድኩም።

«ሙሉ ነው» አልኩት። «ሳበው።»

ቆመ። እኔም ለአንድ አፍታ ምነው ባልተናገርኩ አልኩ በልቤ። ከዚያ አባዬ መሪውን ጠበቅ አርጎ ያዘና ሳበው።