የላይኛው ክፍል ለእማ

እናቴ ካርቱም የመጣችው በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ። ያስመጣት ታላቅ ወንድሜ ነው። ከካርቱም በድልድይ ተሻግሮ ባሕሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ነበረው፣ ሥራውም ያኔ ቀንቶት ነበር። "እማን መካ ሳላደርሳት ብሞት አላህ ፊት ምን እላለሁ?" እያለ ስንት ጊዜ እንዳደረቀን! በመጨረሻ አንድ ጁምዓ ከምሳ በኋላ ሁላችንንም አየት አየት አደረገና፣ "ኸላስ፣ ዑምራ እንሄዳለን። ሁላችንም። በመርከብ" አለ።

ሁላችንም ማለት እሱ፣ ሚስቱ፣ አራት ልጆቻቸው፣ እኔ፣ ባሌ፣ ትንሹ ልጄ፣ ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህታችንና እማ ነን። ይሄን ሁሉ ሰው በአውሮፕላን መጫን አይሞከርም። ከሰዋኪን ወደብ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ጂዳ የሚደርስ መርከብ ነበር፤ በሱ ለመሄድ ተስማማን።

ሌላው ሰው ዑምራውን ሲያስብ እኔ የማስበው የመርከቡን ክፍል ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እውነቱ ግን ይሄ ነው። ከእማ ጋር አንድ ክፍል መተኛት ፈለግኩ። የምጠይቃት ነገር ነበረኝ።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው ከአገሬ የወጣሁት፣ ገና አፍላ ልጅ ሆኜ። ወደ ሱዳን የሚወስደኝ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘኝ ወጣ፤ እናቴ ግን አልወጣችም። መደብ ላይ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ሁለቴ በር ላይ ቆሜ "እማ፣ ልሄድ ነው" አልኳት። ዝም። እኛ ዘንድ እናት ሳትመርቅ መንገድ አይወጣም፤ ራስ ዳብሳ፣ ዱዓ አድርጋ፣ "እትፍ እትፍ" ብላ ነው የምትለቅ። እኔ ያላንዲት ቃል ወጣሁ። መተማ እስክደርስ አለቀስኩ፤ ከዚያ በኋላ ንዴት ያዘኝ፣ ንዴቱም ከረመ። ካርቱም ሱቅ ዐረቢ ገበያ ዳር ጨርቅ እየሸጥኩ፣ አግብቼ፣ ወልጄ እንኳ አልለቀቀኝም። በካሴት ድምፅ እንላላክ ነበር፣ ኋላም ስልክ መጣ፤ ግን "ያን ቀን ለምን አልወጣሽም?" ተብሎ በስልክ ይጠየቃል እንዴ? ካርቱም ከመጣች በኋላም የወንድሜ ቤት ሰው የሚጋፋበት ነው። ጠያቂው፣ የአገር ሰው፣ "ሐቦባ፣ ሐቦባ" የሚሉ የልጅ ልጆች... ብቻዋን አግኝቻት አላውቅም።

ትኬት ቤቱ እኔ ከምሸጥበት ብዙ አይርቅም፣ ስለዚህ ከወንድሜ ጋር አብሬ ገባሁ። ትኬት ቆራጩ ጨዋ ሱዳናዊ ነው። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የመርከብ ሥዕል ላይ ጣቱን እያስኬደ አስረዳን። ከታች ባለ አራት አልጋ ክፍሎች አሉ፣ መስኮት የላቸውም። ከላይ ባለ ሁለት አልጋ አለ፣ መስኮት አለው። "አሮጊት ካላችሁ ከታች፣ መሀል አካባቢ ይሻላታል" አለ። "እላይ ይወዛወዛል።"

ወንድሜ ፊቱ ተለወጠ። "ያ ዘውል! እናቴን ከታች? ከጭነት ጋር?"

"ከጭነት ጋር አላልኩም።"

"የላይኛውን አድርገው። ከሁሉም የላይኛውን!"

አይ ወንድሜ! የእኛ ሰው እንዲህ ነው። እናት ከላይ ካልተቀመጠች የተዋረደች ይመስለዋል። ሰውየው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ትኬቱን መጻፍ ጀመረ። የእኔ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። የላይኛው ክፍል ሁለት አልጋ ካለው አንዱ የእማ ነው፤ ሁለተኛውስ የማን ነው?

ወደ ባሕሪ ስንመለስ፣ ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆመን ሳለ ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ ከእማ ጋር እኔ ልሁን።"

"አንቺ ልጅ አለሽ፤ ሲያለቅስ ይረብሻታል። ደግሞ እናትን የምታገለግል ታናሽ ናት፤ ወጉ ነው።"

"ወግ ወግ አትበልብኝ! እህታችን ነገ ከነገ ወዲያም ታገለግላታለች።"

"ኧረ በአላህ፣ ለአንዲት ሌሊት?"

አንዲት ሌሊት! ለሱ አንዲት ሌሊት ነች። ምክንያቴን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። "እንዳልክ" ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ቤት እስክንደርስም አኮረፍኩት።

ቀሪውን መደልደል ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ባሌ ከወንድሜ ሚስት ጋር አንድ ክፍል አያድርም፣ ማህረሟ፣ ሊያገባት የማይችል የቅርብ ዘመዷ፣ አይደለም። ከእህቴ ጋርም እንዲሁ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ባሌና ሁለቱ ጎረምሶች ባንድ ክፍል ከታች። የወንድሜ ሚስት፣ ሁለቱ ሴት ልጆቿና እኔ ልጄን አቅፌ፣ በሌላው የታች ክፍል። እማና እህቴ ከላይ።

የወንድሜ ሚስት ይሄ አልጣማትም። "መስኮት የሌለበት? ባሕር ለባሕር ሄጄ ባሕሩን ሳላይ ልመለስ?" አለች። ደግ ሴት ናት፣ ግን መታየትም ማየትም ትወዳለች።

ካርቱም በበጋ ቤት ውስጥ አይተኛም። አመሻሽ ላይ የገመድ አልጋዎቹ፣ አንገሬቦቹ፣ ወደ ግቢው ይወጣሉ፤ ሁሉም ሰው ሰማይ ስር ነው የሚያድረው። ልንሄድ ሰሞን፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ ወንድሜ ልጆቹን ጠርቶ አልጋዎቹን በመርከቡ ድልድል አስደረደራቸው። "ማን የት እንደሆነ ይወቅ! እዛ ሄዳችሁ እንዳትተራመሱ!" ይላል እያጨበጨበ። አራት አልጋ በሩ አጠገብ፣ የወንዶቹ። አራት አልጋ የውሃው ማሰሮ አጠገብ፣ የእኛ። ከግቢው ጥግ ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ የሲሚንቶ መደብ ነበር፤ እዚያ ላይ ሁለት አልጋ ብቻ አስወጣ። በአንዱ ላይ የቤቱን ምርጥ አንሶላ አነጠፈ።

እማ ለመግሪብ ሶላት እጅ እግሯን ታጥባ፣ ውዱዕ አድርጋ ስትመለስ ቆማ አየችን። "እዛ ማዶ የተሰቀለው የማነው?"

"ያንቺ ነው እማ!" አለ ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ። "ከሁሉም የበላይ ነው። መስኮት አለው፣ ባሕሩን እያየሽ ትሄጃለሽ።"

"ባሕሩን አይቼ ምን ልሠራው?" አለች። መደቡን፣ ከዚያ እኛን አየች። "ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው ከሰው የለያችሁኝ?"

ወንድሜ ክው አለ። "እማ! ለክብርሽ እኮ ነው! ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም፣ እሷ አለች" ብሎ ወደ ታናሽ እህታችን አመለከተ።

"እሷማ አንዴ ከተኛች ድንጋይ ናት። ብሞት እንኳ ጠዋት ነው የምታውቀው።"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እህቴም ሳቀች፤ እውነት ስለሆነ ምን ትላለች?

እማ መደቡ ላይ ወጥታ ብርድ ልብሷን አነሳች፣ ወረደች፣ ከእኔ አልጋ አጠገብ ባለው በወንድሜ ሚስት አልጋ ላይ ወርወር አደረገችው። "አንቺ ልጄ፣ መስኮት ትወጃለሽ አይደል? ውጪ እላይ።"

የወንድሜ ሚስት "ኧረ እማማ፣ ኧረ አይሆንም" እያለች እግሯ ግን ወደ መደቡ ጀምሮ ነበር።

"እማ፣ ሰው ምን ይለናል?" አለ ወንድሜ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

"ሰው ምን እንዳለ ለኔ ተወው።" ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዚያ እኔን ሳታየኝ፣ "ይችን ልጅ ያን ጊዜ አልሸኘኋትም። አሁን አብሬያት ልሂድ" አለች።

እኔ ለካ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ኖሯል! እሷም ስታስበው ከርማለች። የልጄን አፍንጫ ልጥረግለት ብዬ ጎንበስ አልኩ፣ አፍንጫው ግን ምንም አልነበረበትም።

ሰዋኪን ላይ ተሳፈርን። መርከቡ ሲንቀሳቀስ ሁሉም ባሕር ሊያይ ወደ ላይ ሮጠ፤ ባሌም ልጄን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። እታች እኔና እማ ቀረን። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የናፍጣ ሽታ አለው፣ ግን ሰውየው እንዳለው እምብዛም አይወዛወዝም። እሷ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ የሙስበሃዋን ዶቃ ትቆጥራለች። ስንት ዓመት አሳምሬ ያዘጋጀሁት ጥያቄ ነበረኝ፤ የወጣው ግን "እማ፣ ለምን አልወጣሽም?" ብቻ ነው።

የቱን ቀን አላለችም። ሙስበሃውን አስቀመጠች። "ብወጣ አስቀርሽ ነበር።"

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ብትቀሪስ፣ ምን ላበላሽ ነበር? ቤቱን ታውቂው የለም እንዴ። እግሬ እንዳይነሳ ግድግዳውን ይዤ ነው የቀረሁት።"

እንዲህ ነው የነገረችኝ፣ እንደ ተራ ወሬ። እኔ ግን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ የዚያን ሁሉ ዓመት ንዴት አንድ ላይ። እሷ ተነስታ ተቀመጠች፣ ራሴን ወደ ጭኗ ሳበችው። ዱዓ አደረገችልኝ፤ ረጅም ነበር፣ አገር ቤት የቀሩ ወንድሞቼንም የጎረቤቶቻችንንም ስም ያዘለ። ከዚያ "እትፍ እትፍ" አለችብኝ። "ይሄ የያኔው ነው። የዛሬውን ደግሞ መካ አደርግልሻለሁ፣ ኢንሻላህ።"

የላይኛው ክፍል ነዋሪዎች ግን አበሳቸውን አዩ። የወንድሜ ሚስትና እህቴ እስከ ጂዳ ድረስ ላስቲክ ከረጢት ይዘው ነው የሄዱት። ወንድሜ ሎሚ ይዞ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ነጋበት። ሚስቱ ስለ ባሕሩ ሲጠይቋት እስከ ዛሬ "የቱ ባሕር?" ትላለች።

ከዑምራው ተመልሰን ጥቂት ከቆየች በኋላ እማ ወደ አገሯ ተነሳች። አውቶቡሱ ጠዋት ነው፣ ወንድሜ በመኪናው ሊያደርሳት በር ላይ ሞተር አስነስቶ ቆሟል። እኔ "ስንቋን ላምጣ" ብዬ ማድቤት ገባሁ። ስንቁን አነሳሁ፣ ወደ በሩ ዞርኩ፣ እግሬ እምቢ አለ። ብወጣ ቀሚሷን ይዤ እንደማልለቅ አወቅኩት። በአገር ቤት የሚጠብቋት አሉ፣ መሬቱ አለ፣ መሄድ አለባት። ተመልሼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"የታለች? ያላ፣ አውቶቡሱ ይሄዳል!" ይላል ወንድሜ። ታናሽ እህቴ ስሜን እየጠራች ወደ ማድቤቱ ስትመጣ ኮቴዋን ሰማሁ።

"ተያት" አለች እማ ከግቢው፣ እኔ እንድሰማ ጮክ ብላ። "እንዳትጠሯት። እኔና እሷ ተሰናብተናል።"

የመኪናው በር ተዘጋ። ድምፁ ከሰፈሩ እስኪወጣ ድረስ፣ ስንቁን እንደታቀፍኩ፣ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።